የግብጦ አይጦችና የኔ ሰፌድ

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከኋላዬ ማንም እንዳያንሾካሹክብኝ ነው። የተወለድኩት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ነው፤ ሰው ድጓ ሊማር ከየአገሩ በሚጎርፍበት ደብር ሥር። እቤታችን ሁለት ወንድ ልጆች ነበርን። አባታችን ታላቄን ለትምህርት፣ እኔን ለበሬ ደለደለ። ወንድሜ ዛሬ መሪጌታ ነው። እኔ ደግሞ የተማሪዎቹን ዜማ እርፍ ጨብጬ እየሰማሁ፣ ግማሹን በቃሌ እየያዝኩ፣ “ሀ”ን ከ“ለ” ሳልለይ ጎለመስኩ። “አልፏል፣ እርሳው” የሚሉኝ አሉ። አልረሳውም።

መሬቱ በየልጁ ሲሸነሸን ለኔ የደረሰኝ በሬ ጠምዶ ማዞር እንኳ የማያስችል ሆነ። ስለዚህ ከተማ ገብቼ ዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ተቀጠርኩ፤ እዚያው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩና ከልጅ ልጆች ጋር በሚያስተካክለኝ ደብተር ፊደል ለየሁ። በራሴ ዓይን መጀመሪያ ያነበብኩት ሙሉ ነገር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ለአይጥ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል ይላል። ደስ ስላለኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሄጄ ተመዘገብኩ። ከኔ በቀር የተመዘገበ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አይጥ ጎተራውን ስትቦረቡርበት ያደገ ሰው፣ በስተርጅና አይጥ መጋቢ ሆነ። ለምርምር የሚረቡ ነጫጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ቀይ። በየሳጥናቸው የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍላቸዋል፣ መኖ ይሰፈርላቸዋል፣ ውኃ በጠርሙስ ይንጠለጠልላቸዋል። ለበዓል አገር ቤት ስሄድ ወንድሜ በተማሪዎቹ ፊት “ወንድሜ የአይጥ እረኛ ሆኗል” ብሎ አሳቀብኝ። እኔም “እረኛስ የተሾመ ነው፤ ባለ ማኅተም ደብዳቤ አለኝ” አልኩት። ሳቁ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

አንድ ጧት አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ መጣች። የእስቴ ልጅ ናት፣ መካነ ኢየሱስ ተወልዳ ያደገች፤ ለዶክተርነት የመጨረሻውን ጥናት ልትሠራ ነው። ከመምህራኑ ብዙዎቹ እኔን አልፈው ለአይጦቹ ነበር ሰላምታ የሚሰጡት። እሷ ግን እጅ ነሳችና ጠየቀችኝ።

“ጋሼ፣ ግብጦ ያውቃሉ?”

“ግብጦ እስቴ ብቻ ነው የሚበቅለው ብለሽ ነው?”

ሳቀች። ከዚያ አንድ የመኖ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሥራዋን አስረዳችኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ነገር ተቀምጦ ያስረዳኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

“ኮሌስትሮል የሚባል ስብ አለ” አለች። “ሰውነት ይፈልገዋል፤ ሲበዛ ግን ደም ሥር ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ሰው የሚያጠናው መግቢያውን ነው፤ እኔ መውጫውን ነው የምፈልገው። ቆሻሻ እየዋጡ የሚያጸዱ ሕዋሳት አሉ። እነሱን ምልክት ያለበት ኮሌስትሮል አጠግባቸውና አይጧ ሆድ ውስጥ በመርፌ አስገባቸዋለሁ። ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ኮሌስትሮሉ የት የት እንደደረሰ እለካለሁ።”

“ምልክቱ ቀለም ነው?”

“ክብደት ነው። ከሌላው ኮሌስትሮል በጥቂቱ ይከብዳል። መርዝም ጨረርም የለውም፤ አዲስ አበባ ያለው ማሽን ግን ለይቶ ያውቀዋል።”

“ጆሮው እንደተበጣ በግ በይዋ። ከሌላ ሰው መንጋ ቢቀላቀልም ባለቤቱ ያውቀዋል።”

“እንደሱ ነው!” አለች እጇን አጨብጭባ። “ከሕዋሱ ወጥቶ በደም ይሳፈራል። ጉበት መናኸሪያው ነው። እዚያ ወርዶ በሐሞት ይሳፈርና አንጀት ይገባል። ከአንጀት ወይ ወደ ደም ይመለሳል፣ ወይ በዓይነ ምድር ይወጣል።”

“በኩስ።”

“ዓይነ ምድር ነው የሚባለው ጋሼ።”

“የአይጥ ኩስ ኩስ ነው።”

ግማሾቹ አይጦች ቅባት የበዛበት መኖ ይበላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ያንኑ መኖ ግብጦ ተቀላቅሎበት። ግብጦ የበሉት የበለጠ ኮሌስትሮል ያስወጣሉ ወይ? ጥያቄዋ ይኼው ነው። ዘመዶቿ ጠላና አረቄ ላይ የሚቆረጥሙት ግብጦ ለመድኃኒት ይሆን እንደሆነ ለማየት ስትል ዓመታት ጨርሳለች። ምልክት ያለበት ኮሌስትሮል የመጣላት ከውጭ አገር ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ጠርሙስ፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ።

“የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው” አለችኝ። “የተሰጠኝ ጊዜም ዘንድሮ ያልቃል። ይኼ ከተበላሸ ትምህርቴ እዚህ ላይ ቆመ ማለት ነው።”

ትምህርት ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

መጀመሪያ ግብጦው ራሱ አስቸገረን። የእስቴ ልጅ ብትሆንም የከተማ ልጅ ናትና ቀቅላ አንድ ቀን ብቻ ዘፍዝፋ መኖው ውስጥ ከተተችው። አይጦቹ አሽትተው ጀርባቸውን ሰጡ። አንዷማ መኖዋን በፍቅፋቂ ቀበረችው። እኔ ሳቅ በሳቅ ሆንኩ።

“ግብጦ እኮ ሳምንት ሙሉ ውኃው እየተቀየረ ካልተዘፈዘፈ መራራነቱ አይለቅም” አልኳት። “እናትሽ አላስተማረችሽም?”

“እርስዎን ታዲያ ማን ሳይዘፈዝፍዎ ቀረ?”

አይጥ ቤት ውስጥ አንድ ጋን አስቀምጬ በየቀኑ ውኃ እየቀየርኩ ዘፈዘፍኩላት። በሳምንቱ አይጦቹ እየተጋፉ በሉት። እሷም ከጋኑ እየዘገነች ትቆረጥም ነበር፤ ደንቡ አይጥ ቤት መብላት ቢከለክልም። እኔ አላየሁም።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ኩሱ ነው። የሁለት ቀን ኩስ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ ተፈጭቶ ወደ ማሽኑ መሄድ አለበት። ኩሱ ግን ፍቅፋቂው ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው። እሷ፣ እኔና የላብራቶሪው ቴክኒሻን ሦስታችን ወረንጦ ይዘን ለልምምድ ተቀመጥን። ቴክኒሻኑ ጎረምሳ የከተማ ልጅ ነው፤ ስልኩን ከእጁ ለይቶ አያውቅም። ከጧት እስከ ቀትር የለቀምነው አንድ የቡና ማንኪያ አልሞላም። ወገቤ ተቆረጠ።

“ይኼን ያህል ዘመን ተምራችሁ” አልኩ፣ “እህልን ከእብቅ በወረንጦ ነው የምትለዩት?”

“ፋዘር፣ ሳይንስ እኮ ነው” አለ ጎረምሳው።

“አውድማ ነው” አልኩት። “ሰፌድና ወንፊት ስጠኝና ሳይንሱን ላሳይህ።”

እሷ ቀና ብላ አየችኝ። “ይችላሉ?”

“ሌላ ምን እችላለሁ?”

በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ አገሬ ወረድኩ። አርብ ገበያ ከተማ የደረስኩት በገበያው ቀን ነው። አህያው፣ ጆንያው፣ ሰዉ እርስ በርሱ ተላትሟል። ወንፊትና ሰፌድ ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት ደልደል ያለች ሴት አገኘሁ።

“ለምን እህል ነው? ለጤፍ ነው ለገብስ?”

“ለአይጥ ኩስ።”

“ማርያምን! ይኼን ሰውዬ ጸበል የሚወስደው የለም?” ብላ ጎረቤቷን ጎሸመቻት። ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ባለሙያ ናትና እንባዋን እየጠረገች ጠየቀች፤ “ኩሱ ምን ያክላል?”

“ከገብስ ያንሳል፤ ከጤፍ ይበልጣል።”

ወንፊቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች አየችና አንዱን ሰጠችኝ። ልክ ነበር። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደሷ አንድ ጊዜ ጠይቆ የገባው ሰው አላየሁም።

ተመልሼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ግብጦ የሌለበት መኖ በሚበሉ አይጦች ፍቅፋቂ ላይ ሠርቼ አሳየኋት። መጀመሪያ በሰፌድ አበጠርኩት፤ ቀላሉ ፍቅፋቂ ወደፊት በረረ፣ ኩሱ ወደ ኋላ ቀረ። ቀጥሎ በወንፊት ነፋሁት፤ ዱቄቱ ወደ ታች ወረደ፣ ኩሱ ከላይ ጥርት ብሎ ተቀመጠ። እሷ ከዚያው ያህል ፍቅፋቂ በወረንጦ ከለቀመችው ጋር መዘነችው። እኩል መጣ። ጎረምሳው በስልኩ ቀረጸኝ። “ፋዘር፣ በአንዴ ታዋቂ ትሆናለህ” አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ደረቴን ነፋሁ፤ አልዋሽም። በሕይወቴ የተማሩ ሰዎች ቆመው እጄን ሲያዩ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። የሞከርኩት ግብጦ የሌለበት መኖ የበሉትን ብቻ ነው። የነሱ ኩስ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ይንከባለላል። የግብጦዎቹን አልሞከርኩም። እሷም አላሰበችውም።

ዋናዎቹ ሁለት ቀናት መጡ። እሷ ሕዋሳቱን በመርፌ አስገባች፤ ደም በየተወሰነ ሰዓት ወሰደች። እኔ በየሳጥኑ ኩስ ሰበሰብኩ፣ አበጠርኩ፣ ነፋሁ፣ በከረጢት አሰርኩ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩበት። አባቴ ምርት ሲሰፍር የመጀመሪያውን ቁና “አንድ” አይልም ነበር፤ “በረከት” ነው የሚለው። እኔም እጄ ልማዱን ይዞ የመጀመሪያውን ከረጢት “በረከት” ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ “ሁለት”፣ “ሦስት”። እሷ አየችው። ታርመኛለች ብዬ ስጠብቅ መዝገቧን ከፍታ “በረከት” ብላ አሰፈረችው። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ አይጦቹ ይገደላሉ፤ ይኼን ማሳመር አያስፈልግም። ደሙ፣ ጉበቱ፣ ሐሞቱ፣ ኩሱ ሁሉም በየጠርሙሱ ገባ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበርና ከበረዶ ማቀዝቀዣው ጋር ስንጨነቅ ሰነበትን። መብራት በጠፋ ቁጥር እሷ ጀነሬተር ፍለጋ ስትሮጥ ጫማዋ አለቀ። መንገዱ ሲከፈት ተላከ።

መልሱ የመጣ ቀን አይጥ ቤት ገብታ ያው የመኖ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ጎረምሳው ከኋላዋ ቆሟል።

“ምነው?” አልኳት።

“ግብጦ ያልበሉት ልክ ናቸው። ያስገባሁትን በደም፣ በጉበት፣ በሐሞት፣ በዓይነ ምድር ተከፋፍሎ አገኘሁት። ግብጦ የበሉት ግን ይጎድላሉ። ብዙ ይጎድላል። ደም ውስጥ የለም፣ ጉበት ውስጥ የለም። ወጣ እንዳልል ዓይነ ምድሩ ውስጥ ትንሽ ነው። የት ሄደ?”

“መርፌው ፈሶብሽ ይሆናላ” አለ ጎረምሳው።

“የሁሉም ይፈሳል? የግብጦዎቹ ብቻ?” አለች፤ ግን ድምጿ ውስጥ ራሷን መጠርጠር ጀምራለች። “ለአማካሪዬ ‘መርፌው ተበላሽቷል’ ብዬ ልጻፍለት ነው። ሌላ ምን እላለሁ? ምልክት ያለበት ኮሌስትሮሉም የለም፣ ጊዜውም የለም።”

ብላ ወጣች። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቀረሁ። በመርፌ ያልተወጉ፣ ግብጦ መብላት የቀጠሉ ጥቂት ትርፍ አይጦች ወዳሉበት ሳጥን ሄጄ አንድ ኩስ አነሳሁና በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ጫን አላልኩትም። እንደ ደረቀ ቂጣ ፍርክስክስ ብሎ ዱቄት ሆነ። ሌላ አነሳሁ፤ ያውም እንደዚያው። ግብጦ አሰር ይበዛበታል፤ ኩሱን ያልፈሰፍሰዋል። በወንፊት ስነፋው ምርቱ ከዱቄቱ ጋር ወደ ታች ነበር የወረደው። እኔ ጥርት ያለውን ብቻ እያየሁ ደረቴን ስነፋ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። መርፌው ላይ ያላክኩታል፣ አለዚያም ግብጦው ላይ። እኔ አይጤን እያበላሁ እቀጥላለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ይህንኑ አሰብኩ፤ ከዚህ የተሻልኩ ሰው ነኝ አልልም። ግን አንድ ሰው በሌላ ሰው ውሳኔ ከትምህርት ሲቀር ቁጭቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እኔ አውቃለሁ። እሷ ደግሞ ማን እንዳስቀራት እንኳ ሳታውቅ ትቀር ነበር። እኔን ያስቀረኝን ቢያንስ አውቀዋለሁ።

ቢሮዋ ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ደብዳቤውን እየጻፈች ነው።

“መርፌሽ ደኅና ነው” አልኳት። “ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወንፊቴ ነው።” ኩሱን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጌ በጣቴ አሸሁላት።

አየችው። ፊቷ ቀላ። መጮህ ሲገባት አልጮኸችም፤ ይኼ ይብሳል። በቀስታ፣ “ከወንፊቱ ሥር የወረደውስ? ከሰፌዱ የበረረውስ?” አለች።

“ግርዱ?”

“እኔ እንጃ ምን እንደሚባል! እንዲቃጠል ነግሬዎት ነበር። ደንብ ነው። ተቃጥሏል አይደል?”

እውነት ነው፤ ነግራኛለች። ሁለት ጊዜ። እኔ ግን እቤታችን ግርድ ተጥሎ አያውቅም። ለዶሮ ይሆናል፤ ክፉ ዓመት ከመጣ ደግሞ ለሰው። አይጥ ቤቱ ጓሮ ያለችኝን የጎመን መደብ ላዳብርበት አስቤ በየፌስታሉ ቋጥሬ፣ የየትኛው ሳጥን፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ ጽፌ፣ ጣራው ሥር ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለምን ጻፍክበት ብትሉኝ፣ አዲስ መጻፍ የቻለ ሰው ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጽፋል።

“ነይ” አልኳት።

ጣራውን ቀና ብላ ስታይ፣ ፌስታሎቹ እንደ ወፍ ጎጆ ተንጠልጥለዋል። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ሁሉም አለ?”

“ጎመኑ ከበላው የተረፈው።”

ደም ከፊቷ ጠፋ። ቶሎ ብዬ “ቀለድኩ! ቀለድኩ ልጄ፤ ሁሉም አለ” አልኩ። በመጥረጊያው ትመታኛለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች።

ጎረምሳው መሰላል አምጥቶ አወረደልን። “በረከት” የሚለውን ሲያገኝ ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ ወረንጦዬን ይዤ ልለቅም ስሰናዳ እሷ ፌስታሉን ይዛ እንደ ፈዘዘ ሰው ቆመች።

“ቆይ” አለች። “የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ምልክት ያለበት ኮሌስትሮል የለም። ከነፍቅፋቂው ብንፈጨውስ ምን ይሆናል? ማሽኑ የሚፈልገው ምልክቱን ነው።”

ሦስታችን ተያየን።

“ታዲያ” አለ ጎረምሳው፣ “ወረንጦውስ ለምን ነበር?”

ማንም አልመለሰለትም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መልስ ያጣ ጥያቄ ሲነሳ እንዲህ ነው የሚደረገው።

ግርዱን ከነፍቅፋቂው ፈጨነው፣ ተላከ፣ ተጠበቀ። በኩሱ ላይ ሲደመር የጠፋው ተገኘ። የግብጦ አይጦች ያስወጡት ኮሌስትሮል ከሌሎቹ በለጠ። እሷ ተስፋ እንዳደረገችው ያህል አይደለም፤ ትንሽ ነው። “ትንሽ ነው፣ ግን አሳማኝ ነው” አለችኝ። ለመመረቅ ይኼ በቃት። የተመረቀች ዕለት ዶክተር ብዬ ስጠራት “ገና አልለመድኩትም ጋሼ” አለች፤ “ለምጂው፣ በሰፌድ የተገኘ ነው” አልኳት።

ከጥናቷ ላይ አንድ ገጽ ቀድታ ሰጠችኝ። ኩሱ እንዴት እንደተለየ የሚናገረው ገጽ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይኼ አበሳጨኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ፊደል ቆጠርኩ፤ የኔ ሥራ ግን በማላውቀው ፊደል ተጻፈ። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት። እሷም እያነበበች በአማርኛ አስጠናችኝ፤ እኔም በቃሌ ያዝኩት። በቃል መያዝ ድሮም አላቃተኝም።

ለጥምቀት ቤተ ልሔም ስሄድ ገጹን አጥፌ በኪሴ ያዝኩ። ወንድሜ ከተማሪዎቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሰው ፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው።

“እስኪ አንብብልኝ” ብዬ ሰጠሁት።

መነጽሩን አደረገ፣ አገላበጠው፣ አራቀው፣ አቀረበው። “የፈረንጅ ነው” አለ።

“አውቃለሁ።”

“አልችለውም።”

“እኔም አልችለውም” አልኩት። አየኝ፣ አየሁት፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ተማሪዎቹ መሪጌታ ምን ሆኑ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። እንዲያ ስንስቅ ከልጅነታችን ወዲህ የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

“የተጻፈውን ግን አውቀዋለሁ” አልኩ። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ በቃሌ ደረደርኩለት፤ “ዓይነ ምድሩ ከፍቅፋቂው በሰፌድና በወንፊት ተለየ። የግብጦዎቹ ስለሚፈረፈር ከወንፊቱ ሥር ወረደ። ግርዱ ግን አልተጣለም፤ አብሮ ተፈጭቶ ተለካ።”

ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመቋሚያው መሬቱን በቀስታ እየነካ ሰማኝ። ተማሪ ሲያስቀጽል እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ከማሳዬ ላይ ሆኜ ስንት ዓመት ሳየው ኖሬአለሁ። ስጨርስ ዓይኑን ሳይከፍት፣ “ድገመው” አለኝ።

ደገምኩለት።